የክብርት ዳኛዋ እግር

ከገና አምስት ቀን ቀድሞ በሚውለው የአግናጥዮስ ዕለት ጠዋት ማንም ሰው የጋሽ ስታማትን ግቢ እንዳይረግጥ ከዋዜማው ጀምሮ ተነግሯል። ለፖስተኛው ተነግሯል፣ ለዳቦ ሻጯ ተነግሯል፣ ከመንገዱ ማዶ ላለችው ድመትም ሳይነገራት አልቀረም። በማራሻ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። በዚያ ቀን ደጃፍህን ቀድሞ የረገጠ ሰው የዓመቱን ገድ ይዞልህ ይገባል። እግሩ እርጥብ ከሆነ ዶሮው ይታቀፋል፣ ጫጩቱ ይፈለፈላል፣ ቤቱ ይሞላል። እግሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ጋሽ ስታማትን ጠይቁ፤ ቁጭ አድርገው ያወሯችኋል።

ልጃቸው ኔቬና ግን ስለ ገድ የምታስብበት ልብ አልነበራትም። መስኮቱ ስር ቆማ ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጣለች። የመኪና በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። የጎረቤት ልጅ ኦግኒያን ሻንጣውን እየጫነ ነው። ወደ ቫርና ሊሄድ ነው፣ ባሕሩ ዳር ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ፣ ላይመለስ። ይህን እንኳ ከራሱ አፍ አልሰማችም። የነገረቻት ዳቦ ሻጯ ናት፣ ያውም ሁለት ዳቦ እየጠቀለለችላት፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

"ከመስኮቱ ዞር በይ፣ ብርድ ይገባል" አሉ አባቷ።

"ዝግ ነው እኮ አባዬ።"

"ብርድ ይገባል ብያለሁ!"

ጋሽ ስታማት ጡረታ የወጡ የትሮሊ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው አንዲት ልጃቸው፣ ዶሮዎቻቸውና ፓሻ የሚባለው አውራ ዶሯቸው ነው። ዶሮዎቹ አምና በዚህ ቀን አሥራ አራት ነበሩ። ዛሬ አምስት ናቸው። እንዴት አምስት እንደቀሩ ለመረዳት ደግሞ የአምናውን የአግናጥዮስ ዕለት ማወቅ ያስፈልጋል።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው አጥር ላይ አንዲት ትንሽ በር ነበረች። ኮምሹሉክ ይሏታል፤ ጎረቤት በመንገድ ሳይዞር፣ ሳያንኳኳ፣ በቤት ጫማው ገባ ወጣ የሚልባት በር ናት። አምና በዚህ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ኦግኒያን አጥር ዘላ የመጣችበትን ዶሮ እንደ ጋዜጣ በብብቱ ሸጉጦ በዚያች በር ገባ። ከሶፍያ ትምህርቱን ጨርሶ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም፤ የቤቱን ምድር ቤት የጥርስ ክሊኒክ ሊያደርገው ነው። ዶሮዋን የተቀበለችው ኔቬና ናት። ስትቀበለው ጣቶቻቸው ከላባው ስር ተነካኩ፤ እሱም እሷም ሳያስቡት ቀና አሉ። የሆነው ያኔ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ጋሽ ስታማት ግን ጣት አላዩም፤ ያዩት እግር ነው። "የሆነው ሆነ! ቀድመህ ከገባህ በል ቁጭ በል! ዶሮዎቹ እንዲታቀፉ ገለባው ላይ ቁጭ በል!" አሉት። ልማዱ ይሄ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው እሳት ቆስቁሶ፣ መርቆ፣ እንደ ዶሮ ካልተቀመጠ ዶሮም አትቀመጥም።

"ጋሼ፣ የክሊኒኩ ግንበኛ እየጠበቀኝ ነው፣ ሌላ ቀን" አለና ቆሞ ሄደ። ቆሞ!

በዚያ ዓመት አንዲት ዶሮ እንኳ አልታቀፈችም። በፀደይ ሸለምጥማጥ ገብቶ ዘጠኙን ፈጀ። በበጋ ጋሽ ስታማት ከዶሮው ቤት ጣሪያ ወድቀው እግራቸውን ሰበሩ። መኸር ላይ ደግሞ የኦግኒያን እናት፣ የቀድሞዋ ዳኛ እትዬ ኤሌኦኖራ፣ "አውራ ዶሮው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሰላም ነስቶኛል" ብለው ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከቱ። ያን ዕለት ጋሽ ስታማት መዶሻቸውን አነሱና ትንሿን በር በአሥራ አንድ ምስማር ጠረቋት። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው ዳኛ ጎረቤት አልነበረውም" ይሉ ነበር ሲመቱ።

በር ይጠረቃል፤ ፍቅር ግን አይጠረቅም። ኔቬና እንደማንኛውም ዶሮ አርቢ እያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ትጽፋለች። በአጥሩ ስንጥቅ በኩል ለኦግኒያን በምታቀብለው እንቁላል ላይ አንድ ቀን ከቀኑ ሥር "ትኩስ" ብላ ጨመረችበት። ባዶው መያዣ ሲመለስ ውስጡ ብጣሽ ወረቀት ነበር። "እንቁላሉ ወይስ ጻፊዋ?" ይላል። ኔቬና ፊቷ እሳት እስኪመስል ድረስ ቀላች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእነዚህኛው በአጥር ነው የሄደው። ወራት ሙሉ ተጻጻፉ። እሱ የተጻፈበትን አንብቦ ይበላዋል፤ እሷ የእሱን ወረቀት ትራሷ ውስጥ ትሰፋዋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ኔቬና ቆረጠች። ትልቁን እንቁላል መርጣ፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ "እሑድ ና፣ አባቴን አነጋግር። እወድሃለሁ" ብላ ጻፈችበት።

እሑድ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠች። አልመጣም። ሰኞ ሰገነቱ ላይ ቆሞ አየችው። እጁን አነሳላት። እሷም ፊቷን አዙራ ገባች። "ለዳኛ ልጅ የሾፌር ልጅ ምን ትሠራለታለች? እንቁላል እስኪጠግብ ነው" አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ አንድም እንቁላል በአጥሩ አላለፈም። እሱም አልጠየቀም። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሻንጣውን እየጫነ ነው።

"ይሄ ሚንቾ ደግሞ የት ቀረ?" አሉ ጋሽ ስታማት እያነከሱ ወዲያ ወዲህ እያሉ። ጋሽ ሚንቾ ንብ አርቢ ናቸው፤ እግራቸው እርጥብ መሆኑ በሰፈሩ የተመሰከረ ነው። ለዛሬው ከወር በፊት ተለምነው፣ ወይን ተልኮላቸው፣ የግቢው በር ለእሳቸው ተብሎ ሳይቆለፍ አድሯል። ምድጃው አጠገብ ገለባ ተነጥፏል፣ የበቆሎ ፍሬ በሳህን ተቀምጧል፣ የእሳት መቆስቆሻ የሚሆን የዛፍ ቅርንጫፍ ተዘጋጅቷል።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

"መጣ! ኔቬና፣ ወይኑን!"

የቤቱ በር ተከፈተ። በደፉ ላይ፣ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ በቤት ጫማ፣ ፀጉራቸው ሳይበጠር የቆሙት እትዬ ኤሌኦኖራ ነበሩ።

"በሩ ክፍት ሆኖ ነው..." አሉና አንድ እግራቸውን አስገቡ።

"ኧረ እንዳይገቡ! ኧረ ባሉበት!" ጋሽ ስታማት እጃቸውን ዘርግተው ጮሁ። ግን ረፍዷል። ሁለተኛውም እግር ገብቷል።

ጋሽ ስታማት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "አለቀ" አሉ በቀስታ። "አምስቱም አለቁ። ፓሻም አለቀ። ከሰው ሁሉ እሳቸው!"

"ምን አጠፋሁ?" እትዬ ኤሌኦኖራ የሶፍያ ሰው ናቸው፤ ያደጉትም ፎቅ ላይ ነው። ግራ ገብቷቸው ኔቬናን አዩአት። "እኔ አባትሽን አይደለም የፈለግሁት። አንቺን ነው።"

ከካፖርታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈቱት። ትልቅ እንቁላል ነው። የእርሳሱ ጽሑፍ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ይነበባል። ኔቬና አየችውና ጠረጴዛውን ያዘች።

"ልጄ ኬክ ይወዳል። ከመያዣው አንሥቼ ልሰብረው ስል አነበብሁት" አሉ ዳኛዋ።

"በጾሙ ኬክ?" አሉ ጋሽ ስታማት ከወንበራቸው። በዚህ መሐል እንኳ አላለፏትም።

"በጾሙ" አሉ እትዬ ኤሌኦኖራ አንገታቸውን ደፍተው። "ልሰጠው አልቻልሁም። ልሰብረውም አልቻልሁም። ሠላሳ ዓመት ዳኛ ነበርሁ፣ ማስረጃ አጥፍቼ አላውቅም። ፍሪጅ ውስጥ ከሰናፍጩ ኋላ ደበቅሁት። ኦግኒያን እንዳልተጻፈለት ቆጠረው። አንቺ ሆን ብሎ እንዳልመጣ ቆጠርሽው። እኔ ሁለታችሁንም ከመስኮት እያየሁ ዝም አልሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄ ከእኔ ጋር ማዕድ ቀርቦ አልበላም። ከአንቺ ያስጣልሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከራሴም ነው ያስጣልሁት። ዛሬ ሊሄድ ነው። እሱ ፊት ቆሜ ይህን መናገር አቃተኝ። አንቺ ፊት ይሻለኛል ብዬ መጣሁ።" እንቁላሉን ኔቬና እጅ ላይ አኖሩት። "አልተሻለኝም።"

ኔቬና ሊያስለቅሳት የሚገባው ነገር ያስቃት ጀመር። አልናቃትም! አላፈረባትም! አላነበበውም እንጂ ቢያነበው ይመጣ ነበር! ሦስት ሳምንት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባለለ። ወዲያው ግን ከአጥሩ ማዶ የመኪና ሞተር ሲነሳ ሰማች፤ ወደ በሩ ተንደረደረች።

"አምጪው እስቲ" አሉ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው።

"አባዬ፣ ሊሄድብኝ ነው..."

"አምጪው አልሁ!"

እንቁላሉን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አጡት፣ እጃቸውን አርቀው አነበቡ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። "እሑድ ና" አሉ ድምፅ አውጥተው። "አባቴን አነጋግር።" የመጨረሻውን ቃል አላነበቡትም። እንቁላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት። እንዲህ ያዩአት እናቷ የተቀበሩ ዕለት ነበር። ኔቬና መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

"ልስጠው አባዬ፣ ልሩጥና ይህን ላሳየው።"

"አይሆንም።" ጋሽ ስታማት እንቁላሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "የአግናጥዮስ ዕለት ከቤት ምንም ነገር አይወጣም። እሳት አይወጣም፣ ጨው አይወጣም፣ እንቁላልማ ጭራሽ! አያቴም አላወጣ፣ እኔም አላወጣም።"

"አባዬ በማርያም!"

"እንቁላሉ አይወጣም ብያለሁ!" ጮሁ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ በረዶ ሟሟ። "ሰው አይወጣም ግን አልተባለም። አንቺ እንቁላል አይደለሽም። ሂጂ። አፍሽን ብቻ ይዘሽ ሂጂ!"

ኔቬና ካፖርት አላለች፣ ሻርፕ አላለች። ስትወጣ ከኋላዋ አባቷ "እርስዎ ደግሞ የት ይሄዳሉ? ቁጭ ይበሉ! ገለባው ላይ! የዓመቱን ገድ ይዘው ገብተው በእግርዎ ሊሄዱብኝ?" ሲሉ ሰማች።

መንገዱ ላይ ስትደርስ የኦግኒያን መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ከፊቱ የማር ሣጥን የጫነች አሮጌ መኪና ተገትራለች። ጋሽ ሚንቾ የወይን ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ወርደዋል፤ ኦግኒያን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይለምናቸዋል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልኝ፣ መንገደኛ ነኝ።"

"መንገደኛስ እኔ! ከሰዓቴ አርፍጄ ስታማት ይገድለኛል!" አሉና ኔቬናን አዩ። ባዶ አንገቷን፣ ባዶ ክንዷን አዩ። ከዚያ እሱን አዩ። "ይሁን እንግዲህ፣ እኔ ደግሞ መኪናዬ አልነሳም ትለኛለች" ብለው ጀርባቸውን ሰጡ።

ኦግኒያን ከመኪናው ወረደ። ከስቷል። ጢሙን ሳይላጭ ሰንብቷል። ኔቬና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ልትሄድ ነው?" አለችው።

"አንቺ ነሽ የሸኘሽኝ። እንቁላሉ ቆመ። ጥፋቴን ፈልጌ አጣሁት። ፊትሽን ስታዞሪ ግን ገባኝ፤ በቃሁሽ።"

"ጽፌልህ ነበር።"

"የት?"

"እንቁላል ላይ ነዋ! የት እጽፋለሁ? እናትህ ዘንድ ቀረ። አሁን አመጡልኝ። አባቴ ደግሞ ከቤት አይወጣም ብሎ ያዘው። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።" እንባዋ ወረደ፤ በብርዱ ጉንጯ ላይ ይቃጠላል።

ኦግኒያን ዞር ብሎ የእናቱን ቤት አየ። ለአፍታ ፊቱ ጠቆረ፤ ቁጣው ከአንገቱ ወደ ላይ ሲወጣ አየችው። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ።

"ምን ይላል?"

"እንደዚህ መንገድ ላይ?"

"መንገድ ላይ።"

ጋሽ ሚንቾ የማር ሣጥኖቻቸውን መቁጠር ጀመሩ። ኔቬና እጆቿን ጨበጠች። በእርሳስ ስትጽፈው ቀላል ነበር፤ በአፍ ሲሆን ግን ከበዳት።

"እሑድ ና፣ አባቴን አነጋግር ይላል። ከዚያ ደግሞ..." ተነፈሰች። "ከዚያ ደግሞ እወድሃለሁ ይላል። እወድሃለሁ፣ አንተ ደንቆሮ!"

ኦግኒያን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሲያወርዳቸው እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና በካፖርቱ ውስጥ ወደ ደረቱ ሳባት። ልቡ ድው ድው ሲል በጉንጯ ሰማችው።

"ዛሬ እሑድ አይደለም" አላት በጆሮዋ።

"አይደለም።"

"ላነጋግረው?"

"ዛሬ የአግናጥዮስ ዕለት ነው፤ አባቴ አንተ ስትገባ ቢያይ..."

"የምሬን ነው ኔቬና። ዘጠኙን ዶሮ እኔ እንደበላሁ ነው የሚያዩኝ። እናቴ ያለችበት ቤት ደግሞ... እንዴት ነው የምገባው?"

"እናትህ ቀድመውሃል" አለችው። "ዛሬ የአንተን እግር የሚቆጥር የለም።"

ተያይዘው ሲገቡ እትዬ ኤሌኦኖራ ምድጃው አጠገብ፣ ገለባው ላይ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ፍሬ ይበትናሉ፣ በሌላው እሳት ይቆሰቁሳሉ። ጋሽ ስታማት ከራሳቸው በላይ ቆመው ያስጠናሉ።

"የዚህን ብልጭታ ያህል ጫጩት፣ በሉ!"

"የዚህን ብልጭታ ያህል ጫጩት።"

"ከልብ!"

"የዚህን ብልጭታ ያህል ጫጩት፣ የዚህን ብልጭታ ያህል ጤና፣ በዚህ ቤት ይብዛ!" አሉ ዳኛዋ፤ ያሁኑ ከልብ ነበር። "አሁን ልነሳ?"

"ይነሱና ዶሮዎቼ ከእንቁላላቸው ይነሱ? ገና ነው! እንደ ዶሮ ድምፅ ያሰሙ።"

"ይህንንስ አላደርገውም!"

"ክብርት ዳኛ፣ ዓመቱ የእርስዎ ነው። ዶሮዎቼ ቢታመሙ ስምዎ ይነሳል። ከእንግዲህ እኔም ክፉ ልመኝልዎ አልችልም፤ ብመኝ በራሴ ዶሮ ላይ ነው። ልማዱ ነው። ጠላቴን ለዓመት ሙሉ ልመርቅ ተፈርዶብኛል!"

እትዬ ኤሌኦኖራ አሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቅሪቅ... ቅሪቅ" አሉ፤ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። "እንግዲያው እኔም ከአውራ ዶሮው ጉዳይ ራሴን አግልያለሁ። ተዋዋይ ወገን ሆኛለሁ፣ ነገ ማመልከቻዬን አነሳለሁ።"

ያን ጊዜ ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩት። ኦግኒያን አጠገባቸው ተንበረከከ።

"ከሰናፍጩ ኋላ ነው የደበቅሁት" አሉት። "ይቅር በለኝ አልልህም። እወቀው ብቻ።"

"ከኔ ጋር ቁርስ ብይ" አላቸው። እናቱ እጁን ያዙት፤ የያዙትንም አልለቀቁትም።

ከዚያ ኦግኒያን ተነሥቶ ጋሽ ስታማት ፊት ቆመ። ጥርሱን ሊነቀል እንደመጣ በሽተኛ ገርጥቷል።

"ጋሼ፣ እሑድ መምጣት ነበረብኝ። ደብዳቤው አልደረሰኝም። አሁን መጥቻለሁ። ልጅዎን..."

"ቆይ!" ጋሽ ስታማት እጃቸውን አነሱ። ወደ ገለባው ዞሩ። "ክብርት ዳኛ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ዛሬ ማመዛዘን አልችልም።"

"በዚህ ጉዳይ አልፈርድም" አሉ እትዬ ኤሌኦኖራ። "አንዴ ፈርጄ አይቻለሁ። ባለጉዳይዋን ይጠይቁ።"

ሁሉም ወደ ኔቬና ዞሩ። በሰፊው ካፖርት ውስጥ ቆማለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧል። ያቺን ቃል አባቷ ፊት አውጥታ አታውቅም፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ማንም አውጥቷት አያውቅም።

"እወደዋለሁ አባዬ" አለች።

ጋሽ ስታማት እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይንሽ ለምን ቀላ ስልሽ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው አልሽኝ" አሉ። "እኔም እሺ አልሁ። ልጄ፣ በዚህ ቤት ሽንኩርት ካለቀ ወር ሊሞላው ነው።"

ኔቬና ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ያነባችው እንባ ሁሉ እንደገና መጣ፤ ይሄኛው ግን ሲወርድ ደረቷን ቀለል፣ ቀለል እያደረገላት ነበር። አባቷ ከጀርባዋ በኩል አንድ እጃቸውን ዘርግተው የኦግኒያንን ክንድ ጨበጡና ወደ ራሳቸውና ወደ እሷ ሳቡት።